ለጥ ያለ ጣሪያ

ሰው ሁሉ ጠባብ ቦታ ላይ ጎበዝ ነው። ጉዱ የሚወጣው ሰፊና ለጥ ያለ ነገር ፊቱ የተዘረጋ ዕለት ነው። ሻይ ቤት ጥግ ይዞ አገር ሲያስተዳድር የሚውለውን ሰው እስቲ መድረክ ላይ አውጡት፤ «ማለቴ… በቃ…» እያለ ማይክሮፎኑን ሲያሻሽ ቆይቶ ይወርዳል። ጠባብ ቦታ ጥፋትን ይደብቃል። ማዕዘን አለው፣ ጥላ አለው፣ «ይሄ እኮ ዲዛይኑ ነው» የሚባልለት ጉብታ አለው። ለጥ ያለ ነገር ግን ምሕረት አያውቅም። ያልጠረጋችሁትን ያሳያል፣ የቸኮላችሁበትን ያሳያል፣ ተናዳችሁ የነካካችሁትን ሳይቀር አውጥቶ ለጎረቤት ያሳያል።

ይህን ፍልስፍና ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ነው ያገኘሁት። አውቶቡስ ስል ደግሞ ሰው የሚጋፋበት እንዳይመስላችሁ። የእኔ አውቶቡስ ርዝመቱ ክንድ አይሞላም።

ላስረዳ። ሥራዬ ካዛንቺስ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ ነው፤ የተጋጩ መኪናዎችን ፎቶ እያየሁ «ይሄ ጭረት የዛሬ ነው ወይስ የድሮ?» ስል እውላለሁ። ከሥራ ስወጣ ቂርቆስ፣ ከእናቴና ከታናሽ እህቴ ከቤቲ ጋር ወደምኖርበት ቤት እገባና ትንንሽ መኪናዎች እሠራለሁ። ሚኒባስ ታክሲ፣ የጭነት መኪና፣ አንድ ጊዜማ የቆሻሻ መኪናም ሠርቻለሁ። ከማስታወቂያ ሠሪዎች የሚተርፈውን ነጭ ፕላስቲክ ቆርጬ አጣብቃለሁ፤ ከዚያ በመኪና ቀለም እቀባለሁ። ዕድሜዬን አትጠይቁኝ፤ እማዬ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትናገራለች። «እኩዮቿ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፣ የእኔዋ መጫወቻ ትሠራለች» ነው የምትለው። አንድ ቀን መጫወቻ አይደለም፣ ሞዴል ነው ብዬ ላርማት ሞከርኩ። ሞዴልማ ለብሳ አጊጣ ነው የምትታየው፣ አንቺ ቲነር ቲነር ትሸቻለሽ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አላርማትም።

አባታችን የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ያንን ቀይና ቢጫውን። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ፣ ቤቲ ገና ፊደል ስትቆጥር ሞተ። ልጆች ሆነን አንዳንድ ቅዳሜ ከቄራ ያሳፍረንና ከኋላው ካለው ወንበር ላይ ያስቀምጠን ነበር። ቤቲ መንገዱን ሙሉ ትተኛለች፤ እኔ ማርሽ ሲቀይር እጁን አያለሁ። እንግዲህ ከመኪና ሁሉ ለምን አውቶቡስ መረጥሽ ብትሉኝ መልሴ ይሄው ነው፤ ለሰው ግን «ጣሪያው ሰፊ ስለሆነ ልለማመድበት ብዬ ነው» ነበር የምለው።

ሰፊነቱስ እውነት ነበር። የአውቶቡስ ጎን መስኮት አለው፣ በር አለው፣ ዓይን የሚያሳስት ነገር አያጣም። ጣሪያው ግን ሜዳ ነው። መጀመሪያ በብሩሽ ሞከርኩ። ሲደርቅ የታረሰ ማሳ መሰለ፤ ቤቲ አይታ ጤፍ ነው ወይስ ገብስ የምትዘሪበት አለችኝ። ቀለሙን እንደ ወተት እስኪሆን አቅጥኜ ደገምኩ። ትልሙ ቀነሰ፤ ግን አንዲት ቦታ የሳሳች መሰለኝና ግማሽ የደረቀው ላይ ተመልሼ ብሩሼን አሳለፍኩበት። ይሄን ኃጢአት ማንም አይሥራ። በመድረቅ ላይ ያለ ቀለም እንዳኮረፈ ሰው ነው። ከተዋችሁት በራሱ ጊዜ ይለሰልሳል። ላባብለው ብላችሁ ከነካካችሁት ግን ቂም ይይዛል፤ ቂሙም በብርሃን ይታያል።

ከብሩሽ ወደ ስፕሬይ ዞርኩ። ቀረብ ብዬ ስረጭ ቀለሙ እንደ አልቃሽ እንባ በጎኑ ወረደ። ራቅ ብዬ ስረጭ ደግሞ ጠብታው አየር ላይ ደርቆ እየደረሰ ጣሪያዬን የብርቱካን ልጣጭ አስመሰለው። ውሎ አድሮ ብልሃቱ ገባኝ። ጣሳውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ታቆዩታላችሁ። መርጨቱን ከአውቶቡሱ ውጭ ትጀምሩና፣ ጣሪያውን ሳትቆሙ አቋርጣችሁ፣ ከአውቶቡሱ ውጭ ትጨርሳላችሁ፤ ልክ ብድር የሚጠይቅ ዘመድ መንገድ ላይ ቆሞ አይታችሁ እንዳላየ እንደምታልፉት። ስስ አድርጎ መቀባት፣ መጠበቅ፣ በሳሙና ውኃ በራሰ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ማሸት፤ ደግሞ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ደግሞ መጠበቅ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብሎ የተረተው ሰው ቀለም ቀቢ ሳይሆን አይቀርም።

ይሄን ሁሉ ተምሬ ስጨርስ አንድ ጠላት ቀረኝ፤ አቧራ። ካዛንቺስ ከፈረሰች ወዲህ የአካባቢው አቧራ ዝም ብሎ አቧራ አይደለም። የሰው ሳሎን ነው፣ የሰው ኩሽና ነው፣ ምሳ እንበላበት የነበረው ቤት ግድግዳ ነው፤ ደቆ፣ ተነሥቶ፣ ነፋስ ተሳፍሮ ቂርቆስ ድረስ ይመጣና እኔ ገና የቀባሁት ጣሪያ ላይ ያርፋል። ቀለሙ ሲደርቅ ጣቴን ሳሳልፍበት ሽሮ የተነሰነሰበት ይመስላል። ማርጀቱ ሳያንሰው የቤታችን ኮርኒስም ያዋጣል። እማዬ ነጠላዋን ባራገፈች ቁጥር ደግሞ ከዚያም ድርሻዬ ይደርሰኛል።

እኔ ከአቧራ ጋር እንዲህ ስፋለም ቤቲን ሽማግሌ ጠየቃት። ልጁ ዮናስ ይባላል፤ ባንክ ነው የሚሠራው፣ ደህና ልጅ ነው። ታናሽ ከታላቅ ቀድማ ስትጠየቅ ዘመድ አዝማድ ታላቂቱን የሚያይበት ዓይን አለ፤ በረዶ የመታው ጎመን የሚታይበት ዓይን። እኔ በዚያ ሰሞን ከጣሪያዬ ሌላ የማየው ስላልነበረኝ ብዙም አልጎዳኝም። ሽማግሌዎቹ አንድ ጊዜ መጥተው፣ እኛም እንደ ወጉ «ዘመድ እንጠይቅ» ብለን ቀን ሰጥተናቸው ነበር። አሁን የሚመጡት መልስ ሊሰሙ ነው። መልሱ እሺ መሆኑን ቂርቆስ በሙሉ ያውቃል፤ ቢሆንም እሺ የሚባለው ዳቦ ሲቆረስ ነው።

እማዬ ያን ሳምንት ለእኔ ያወጣችው ሕግ አጭር ነበር። ቲነር የሚሸት ነገር እንዳላይ፣ ጋራዥ ያለን ይመስላቸዋል አለችኝ። ከዚያ ሳሎኑን ታጸዳ ገባች። ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ አበሰች፣ ምንጣፉን አወጣች፣ ወለሉን ደጋግማ ወለወለች፣ መጋረጃውን አጠበች፣ መስኮቶቹን ዘጋች፤ በመጨረሻም ሽማግሌዎቹ እስኪመጡ ድርሽ የሚል ሰው እንዳላይ ብላ በሩን ገጠም አደረገችው።

እስቲ በእኔ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። በቂርቆስ ምድር ያን ያህል ከአቧራ የጸዳ ክፍል ከዚያ በፊት አልነበረም፣ ከዚያ በኋላም አይኖርም። አየሩ የረጋ፣ ወለሉ ገና እርጥብ፣ ሰው የማይገባበት ክፍል። ቀለም ለሚቀባ ሰው ይሄ ፈተና ብቻ አይደለም፣ ጥሪ ነው። ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት እሑድ ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ሳትመለስ፣ አውቶቡሴን ግቢ አውጥቼ የመጨረሻዋን ስስ ቀለም ረጨሁበት። በሕይወቴ እንደዚያ ተሳክቶልኝ አያውቅም። ሰማዩ ጣሪያው ላይ ታየ። ትንፋሼን ውጬ፣ በሁለት እጄ ደግፌ፣ በጫማዬ ጫፍ እየረገጥኩ ሳሎን አስገባሁት።

የት ላስቀምጠው? ከሶፋው ኋላ ጥግ ላይ የእማዬ አሮጌ መሶብ ቆሟል። ለዕለቱ የተገዛው አዲሱ መሶብ ድፎ ዳቦውን ይዞ ኩሽና ነው ያለው፤ አሮጌውን የሚፈልገው የለም። ከአቧራ የሚከልል፣ አየር የሚያስገባ፣ ክዳኑ ከፍ ያለ ዕቃ ከዚያ የተሻለ ከየት ይመጣል? አውቶቡሴን መሶቡ ውስጥ አስቀመጥኩ፣ ክዳኑን ደፋሁበት፣ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ዳቦ ቆርሰው እስኪሄዱ እሱም ይደርቃል።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ዋናው አቶ ተሰማ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው የተናገረውን ትተው ሊናገር ያልፈለገውን ሲፈልጉ ስለኖሩ ቀጥተኛ ዐረፍተ ነገር ቢነግሯቸው ይከፋቸዋል። «ዝናብ ሊመጣ ነው» ብትሏቸው ማን ላከሽ የሚሉ ዓይነት ሰው ናቸው። ሁለተኛው ጋቢ የለበሱ የዮናስ አጎት ነበሩ፤ ከእሳቸው ይልቅ የጋቢያቸው ብናኝ አሳሰበኝ። ሦስተኛው ስልካቸውን ከእጃቸው የማይለዩ ጎልማሳ ናቸው። በእኛ በኩል የሚናገሩት የእማዬ ታላቅ ወንድም ጋሽ ግርማ ነበሩ። ጋሽ ግርማ ዕድሜያቸውን የመኪና መለዋወጫ በመሸጥ ነው የጨረሱት፤ ስለዚህ የፈለገው ነገር ቢፈጠር ፊታቸው ላይ መደነቅ አይታይም። መደነቅ ዋጋ ያስቀንሳል ይላሉ።

እኔ የለስላሳ ትሪ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ቤቲ መኝታ ቤት ተደብቃ በበሩ ቀዳዳ ታዳምጣለች። ንግግሩ እንደ ወጉ ዞረ። አቶ ተሰማ ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ብለው ጀመሩና ስለ ወይን ግንድ፣ ስለ ድንበር፣ ስለ አንድ በሬ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ ጋሽ ግርማም ስለ ሌላ በሬ መለሱ። ሁለቱ በሬዎች ሲስማሙ እማዬ ወንድሟን በዓይኗ ጠቀሰች፤ ዳቦው ይምጣ ማለቷ ነው።

ጋሽ ግርማ ተነሡ። ወደ ኩሽና መሄድ ነበረባቸው። ነገር ግን ሰው ከሶፋ ሲነሣ መሶብ አጠገቡ ካየ ኩሽና ድረስ ምን ያስኬደዋል? አሮጌውን መሶብ ሲያነሡ አየኋቸው። ጮክ ብዬ ምን ልበል? «ጋሽዬ፣ እሱ ውስጥ አውቶቡስ ነው ያለው» የሚል ንግግር በሽምግልና መካከል እንዴት ይገባል? እሳቸው መሶቡን አንሥተው ትንሽ ግራ ሲጋቡ አየሁ፤ ቀሎባቸዋል። በኋላ እንደነገሩኝ፣ የዘንድሮ ዳቦ መቼም ስሙ እንጂ ክብደቱ የለም ብለው በልባቸው ዳቦ ጋጋሪዎችን ታዝበው አለፉት።

መሶቡን አቶ ተሰማ ፊት አኖሩ፤ ቢላዋውንም ሰጧቸው። አቶ ተሰማ በቀኝ እጃቸው ቢላዋውን ይዘው፣ ግራቸውን ሊባርኩ ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋሽ ግርማ ክዳኑን አነሡት።

መጀመሪያ የመጣው የቲነር ሽታ ነው። ከዚያ አውቶቡሱ። ቀይና ቢጫ፣ ወዝ ያለው፣ የሳሎኑን አምፖል ጣሪያው ላይ አስቀምጦ የሚያበራ። ጋሽ ግርማ ክዳኑን እንደ ጃንጥላ ይዘው ቀሩ። ፊታቸው ላይ ግን ምንም የለም። ጋቢ የለበሱት አውቶቡሱን አዩ፣ እማዬን አዩ፣ ደግሞ አውቶቡሱን አዩ። አቶ ተሰማ አላዩም። ግራ እጃቸውን እንደ ልማዱ ዳቦው ላይ አሳረፉ፤ ማለትም ጣሪያዬ ላይ። አውራ ጣታቸው መሃል ሜዳው ላይ ገባች። እንዲህ እንዳሉም መመረቅ ጀመሩ።

የአቶ ተሰማ ምርቃት ረጅም ነው። ከፊታችን ያለውን ማዕድ ባርክልን አሉ። ለሁለቱ ልጆች ጥጋብ አድርገው፣ ቆርሰው አይጨርሱት፣ ለእንግዳም ለመንገደኛም ይትረፍ አሉ። ሁላችንም ዓይናችንን አውቶቡሱ ላይ ተክለን አሜን እንላለን። በእያንዳንዱ አሜን አውራ ጣታቸው ትንሽ ትንሽ ትጠልቃለች፤ እኔም እያንዳንዷ ልቤ ላይ ትሰማኛለች። በመጨረሻ ቢላዋው ተነሣ። ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም።

«አባባ፣ አልደረቀም» አልኩ።

ድምፄ ዝቅ ብሎ፣ ትንሽም ተንቀጥቅጦ ነው የወጣው። አቶ ተሰማ ዓይናቸውን ገለጡ። ቢላዋውን አወረዱ። አውቶቡሱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ መስኮቱን፣ በሩን፣ በፊት መስታወቱ አልፈው የሾፌሩን ቦታ። የሾፌሩ ወንበር ባዶ ነው። ባዶ የሆነው ሾፌር የሚመስል አሻንጉሊት ገበያ ላይ ስላጣሁ ነበር። ከዚያ እጃቸውን አነሡና ክዳኑን ከጋሽ ግርማ ተቀብለው መሶቡን ራሳቸው ቀስ ብለው ከደኑት።

«ገብቶናል» አሉ። «ጥቂት ውጭ ወጥተን እንድንመክር ይፈቀድልን።»

ምን እንደገባቸው ለእኛም ቢነግሩን ደስ ባለን። ሦስቱም ወደ ግቢው ወጡ። እማዬ እንደ ሐውልት ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነው፤ ያንን ዓይን ለጠላቴም አልመኝ። እኔ ወደ መኝታ ቤት ሸሸሁ። የመኝታ ቤቱ መስኮት ግቢውን ያያል። ቤቲ ፊቷ አመድ ሆኖ ምን አደረግሽ አለችኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ከመስኮቱ ሥር ድምፅ መጣ።

ጋቢ የለበሱት ተቆጥተዋል። ልጅ እንሰጣለን ብለው መኪና ይጠይቁን ጀመር እንዴ፣ የት አገር ነው ይሄ የሚሉ ይመስላሉ። ስልክ የያዙት መኪና ቢፈልጉ መኪና ይሠሩ ነበር፣ ይሄ እኮ አውቶቡስ ነው አሉ፤ ምናልባት ልጅቷ ብቻዋን አትመጣም፣ ቤተሰቡ በሙሉ ተሳፍሮ ይመጣል ማለታቸው ይሆን? ጋቢ የለበሱት ይሄን ሲሰሙ ጭራሽ ባሰባቸው። ስልክ የያዙት ነገሩን ለማጣራት እዚያው ደወሉ። «ዮኒ፣ አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ አውቶቡስ ለመግዛት አቅሙ አለህ?» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ወዲያው የቤቲ ስልክ አልጋው ላይ ተርገበገበ። ከዮናስ የመጣ መልእክት ነው፤ «የምን አውቶቡስ?» ይላል። ቤቲ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በትራስ ሸፈነች። ያኔ ነው ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ። አምስት ዓመት የተፋቀሩ ልጆች በእኔ ጣሪያ ምክንያት ሊበተኑ ነው። ወጥቼ እውነቱን ልናገር በሩን ይዤ ሳለሁ አቶ ተሰማ ሲናገሩ ሰማሁ። ሁለታችሁም ተሳስታችኋል ነው የሚሉት። ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል፣ የልጅቷን ንግግር አልሰማችሁም እንዴ አሏቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ ስላደረጉ የቀረው አልተሰማኝም።

ሲመለሱ እኔም ወደ ሳሎን ወጣሁ፤ እነሱ ግን አልተቀመጡም። አቶ ተሰማ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው እማዬ ፊት ቆሙ።

«እመቤት» አሉ፣ «እኛ ባለፈው ስንመጣ አጥፍተናል። ስለ ዘራችን አወራን፣ ስለ ልጃችን ሥራ አወራን። የዚህ ቤት አባት የአውቶቡስ ሾፌር እንደነበሩ ከልጃችን ሰምተን ሳለ ስማቸውን ሳናነሣ፣ ነፍስ ይማር ሳንል ወጣን። እናንተ ጨዋ ስለሆናችሁ አልወቀሳችሁንም። መኪናቸውን በክብር ከድናችሁ አቀረባችሁልን። የሾፌሩን ወንበር ባዶ አድርጋችሁ አሳያችሁን። ትልቋ ልጃቸውም እንባው ገና እንዳልደረቀ ነገረችን። ነፍሳቸውን ይማር። ልጃችን ያንን ወንበር ልሙላው አይልም። ግን ከኋላው ተቀምጦ ይኖራል።»

እኔ የማስበው የነበረው ስለ አውራ ጣታቸው ነው። ይሄን እምላለሁ። እሳቸው ግን ከኋላው ተቀምጦ ሲሉ ያቺ ከቄራ የምንሳፈርባት ወንበር ትዝ አለችኝ። እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ሰው ፊት ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ጋቢ የለበሱት ራሳቸው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን አበሱ። ጋሽ ግርማ ብቻ ናቸው ያልተደነቁት። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንግዲህ በእኛ አገር ወጉ እንዲህ ነው አሉ፤ መሶቡን ከአሥር ጊዜ በላይ ያቀረቡት ይመስላሉ። ወደ እኔም ዞር ብለው ሁለተኛውን መሶብ አምጪ አሉኝ። ሮጬ አመጣሁት። ዳቦው ተቆረሰ፣ ቤቲ ተሰጠች፣ እልልታው መንገድ ድረስ ተሰማ።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ እማዬ በሩን ዘጋችና ዞር አለች። ሊመጣብኝ የሚችለውን ሁሉ አሰብኩ። እሷ ግን ወደ መሶቡ ሄዳ ከፍታ ቁጭ አለች።

«የመስታወት መጥረጊያው በግራ በኩል ነበር የተሰበረው» አለችኝ። «አንቺ ደህና አድርገሽ ሠርተሽዋል። አባትሽ ግን ሁለት ዓመት ጥገና ክፍሉን ሲለምን ነው የኖረው።»

ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ዳግመኛ መሶቧ ውስጥ ተሽከርካሪ ባገኝ አንገቴን እንደምትቆርጠኝ ነገረችኝ። ይሄኛው የማውቀው ድምፅ ነበር፤ ተረጋጋሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ወደ ጣሪያው ልመለስ። አሻራው ጥርት ብሎ ነበር የወጣው። መስመር በመስመር ይቆጠራል። ከጎኑ ደግሞ የጋቢው ብናኝ። የምነካው አልመሰለኝም ነበርና ቤቲ ቀለበት እስክታስር ድረስ እንዳለ ተውኩት። በዚህ መሃል ጋሽ ግርማ ሥራቸውን ይሠራሉ። በዕድርም፣ በማኅበርም፣ በለቅሶ ድንኳንም «በእኛ አገር ወጉ እንዲህ ነው» ማለታቸውን ቀጠሉ። አባቷ የሞተባት ልጅ ስትጠየቅ የሟቹ የሥራ መሣሪያ በመሶብ ተከድኖ ይቀርባል አሉ። ዋናው ሽማግሌ ጣቱን አሳርፎ ይመርቃል፣ ከቤቱ ታላቅ የሆነችው ልጅም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አልደረቀም» ትላለች አሉ። ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ ከጥንት ይላሉ። የትኛው አገር ነው ሲባሉ የጠያቂውን አገር አይተው ጎረቤቱን ይጠራሉ። እኔ በጆሮዬ ነው የሰማሁት፤ አንድ ቄራ ያሉ ሥጋ ሻጭ «አዎ፣ አያቴም ይነግሩኝ ነበር» ብለው ሲያረጋግጡላቸው።

እኔ ግን ቀለም ቀቢ ነኝ። አሻራ ያለበት ጣሪያ እያየሁ ስንት ቀን ልተኛ? አንድ ውኃ የመጣ ቅዳሜ፣ እማዬም በሠርጉ ዝግጅት ልቧ ራርቶ ስለነበር፣ ሻወር ቤቱን ፈቀደችልኝ። ሙቅ ውኃውን ለቅቄ ክፍሉን በእንፋሎት ሞላሁት፤ አቧራው ከእንፋሎቱ ጋር ወርዶ ወለሉ ላይ ተኛ። አሻራውን በብርጭቆ ወረቀት በሳሙና ውኃ ቀስ ብዬ አሸሁት። ጥቂት እጄ አመነታ። ከዚያ ጠፋ። ስስ አድርጌ ቀባሁ፣ ጠበቅሁ፣ ስስ አድርጌ ቀባሁ። የመጨረሻዋን ከረጨሁ በኋላ በሩን ዘግቼ ደጅ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሰው ሆስፒታል እንደሚጠብቀው።

ስከፍተው ጣሪያው መስታወት ነበር። መስመር የለ፣ ልጣጭ የለ፣ ሽሮ የለ። ጎንበስ ስል ቅንድቤ ሳይቀር ይታየኛል። ያን ያህል ዘመን የፈለግሁትን ሳገኝ የማሳየው ሰው ፈለግሁና በሁለት እጄ ደግፌ ሳሎን ይዤው ወጣሁ።

ሳሎን እንግዳ አለ። እትዬ አስናቀች ናቸው፤ ድሮ ጎረቤታችን የነበሩ፣ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ጎተራ የገቡ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይቷል። ሁለተኛ ልጃቸው ልትጠየቅ ነው፤ የጋሽ ግርማ ወሬ ጎተራ ደርሶ አውቶቡሱን ሊዋሱ መጥተዋል። ባለቤታቸው ሾፌር አልነበሩም፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ግን በአውቶቡስ ነበር ሥራ የሚሄዱት፣ ያው ነው አሉ። እማዬ አንገቷን ደፍታ ነጠላዋን ትቋጫለች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ለቅሶ አልነበረም።

እትዬ አስናቀች መነጽራቸውን አድርገው አውቶቡሱን ከፊትም ከኋላም ተመለከቱ። ከዚያ ጣሪያው ላይ አጎነበሱ። በደስታ ጠበቅኋቸው። በዚያ ጣሪያ የማይደነቅ ሰው ሊኖር አይችልም ብዬ ነበር።

ቀና ሲሉ ፊታቸው ጠቁሯል። የዳኛው አሻራ የታለ ብለው ጠየቁኝ። አጥፍቼ አሳምሬ እንደቀባሁት ነገርኳቸው። ኧረ ተይ ልጄ አሉኝ በሐዘኔታ፤ አሻራ የሌለበትማ መጫወቻ ነው፣ ሽማግሌ ፊት እንዴት ይቀርባል? እንዲህ እያሉ አውራ ጣታቸውን ሲያዘጋጁ አየሁ። እጄ ሁለቱም አውቶቡሱን ይዟል፤ መከላከያ የለኝም።

«እትዬ፣ አልደረቀም» አልኳቸው። ድምፄ ዝቅ ብሎ፣ ትንሽም ተንቀጥቅጦ ነው የወጣው።

እትዬ አስናቀች ፊታቸው በራ።

«እንደሱ ነው፣ ልክ እንደሱ» አሉኝ። «በዕለቱ መጥተሽ እንዲሁ አድርገሽ በይልኝ።» አውራ ጣታቸውን በአዲሱ ነጠላቸው ጫፍ በደንብ አድርገው ጠረጉና መሃል ጣሪያዬ ላይ አሳረፏት።